ውሃ አልጠጣም

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሀናን ሙሄዲን፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዓለይኩም ሀኑዬ። ጤናሽን አልጠይቅም፤ በላክሽው ፎቶ ላይ ጉንጭሽ እንደ መስከረም ጥጃ ሞልቶ አይቼዋለሁ። እኛም አልሐምዱሊላህ አለን። እናትሽ ሀሊማ ሱቁ ውስጥ ታዛለች፤ እኔ እታዘዛለሁ። ስልክ እያለ ለምን ወረቀት ይጽፋሉ ላልሽው፣ ኔትወርኩ እንደ ኩሩ አማች ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይቀመጥ ይሄዳል። ደግሞም በስልክ ስትስቂ እንጂ ስታስቢ አይሰማኝም።

«መኪናዋ ትደርሳለች ወይ?» ላልሽው መልሱ ኢንሻአላህ ነው። ከዒድ በኋላ ለኒካሽ እናትሽን ይዤ የምመጣው በአባትሽ ላንድክሩዘር ነው። አውቶብስ የሚሳፈር ዘመድ አለን እንዲሉሽ አልፈልግም።

ሆኖም አንድ ነገር ያዘኝ። አባትሽ በዚያ በጦርነቱ ጭንቅ ጊዜ፣ መኪናዋን ማንም ነድቶ እንዳይወስዳት የናፍጣ ጋኗን፣ ሹፌሮች ሰልባትዮ የሚሉትን፣ ፈትቶ ጋዝጊብላ ላለው ወዳጁ ለመንግሥቴ አደራ እንደሰጠ ታውቂያለሽ። ከዚያ በእግሩ እህል ፍለጋ ወደ ሰሃላ እንደወረደ ነው። እኔ አሁን አደራውን ልቀበል ሄድኩ። የት አገኘሁት መሰለሽ? ቆጥ ላይ። የመንግሥቴ ሚስት ውዴ በጭድ ሸፍና ዶሮ አስፍራበታለች። ስደርስ አንዲት ቀይ ዶሮ ተኝታበታለች። «ጫጩት ሳታወጣ አላስነካም፤ እሷም አደራ ናት» አለችኝ ውዴ። ጫጩቱ እስኪፈለፈል ጠላ የማይጠጣ እንግዳ ሆኜ ሰነበትኩባቸው። ከዚያ በአህያ ጭኜ፣ ከመንገድ በጭነት መኪና አመጣሁት።

የዶሮ ኩስ ብረት እንደሚበላ አላውቅም ነበር። አልተበሳም፣ ግን ዝጓል። የሱቃችንን በር የቀባሁበት አረንጓዴ ቀለም ተርፎኝ ስለነበር አጠብ አድርጌ ሦስቱን ጎን ቀባሁት። አማረ። ናፍጣ ሞልቼ በጨርቅ ልደፍነው ስል ከአፉ ትንሽ ፈሰሰ። የነካው ቦታ ሁሉ ተጨማደደና ተነሣ። እንደፈላ ወተት ሰልባትዮው ስልባቦት አወጣ ብልሽ ይሻላል። እናትሽ አይታ «ገፈህ ጠጣው» አለችኝ።

«መኪና ሲጠማት ታስላለች» ይል ነበር አባትሽ። አንቺም ያንን ሰምተሽ፣ በሰባት ዓመትሽ ጀሪካን ሙሉ ውሃ እንዳጠጣሻት አልረሳሁም። ለእጮኛሽ ለዓብዱረሕማን ሽማግሌዎች ልነግራቸው አስቀምጬዋለሁ። አሁን ቀለም ቤት የምትሠሪው አንቺ ነሽ፤ ናፍጣ የማይፈራ፣ የገደል መንገድ ጠጠር የማይልጠው ቀለም የትኛው ነው? ክዳን ላክሁልዎ እንዳትዪ፤ ክዳኑ አለኝ።

ሰሞኑን ፍየል ልገዛ ሰሃላ ወርጄ ነበር። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

አጎትሽ አብዱሰመድ


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ወዓለይኩም ሰላም አጎቴ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ መንገዱ ተዘግቶ ሹፌሩ ምትኩ ወልድያ ከርሞ ነው የመጣው። ስልባቦትዎን ሱቅ ውስጥ ሳነብ ብቻዬን ስቄ ደንበኛ ታዘበኝ።

መጀመሪያ ቀለሙን ልበል። የበር ቀለም ደረቀ ቢባልም ናፍጣ ሲነካው መልሶ ይለሰልሳል። ቤንዚን ቢሆን ኖሮ ቆመው እያዩት ይቀልጥ ነበር። ለእርስዎ የሚሆነው ባለ ሁለት ቆርቆሮው ነው፤ ኢፖክሲ ይባላል። በአንዱ ቆርቆሮ ቀለሙ፣ በሌላው ማጠንከሪያው አለ። ሁለቱ ሲገናኙ እርስ በርስ ተያይዘው ይጠነክራሉ፤ ከዚያ በኋላ ናፍጣ አይለያያቸውም። ዓብዱረሕማን በላዩ ላይ ፖሊዩሬታን የሚባለው ቢደረብበት ጠጠርም ይችላል ይላል። እሱ ጋራዥ ውስጥ ውሎው ከዚህ ጋር ስለሆነ አምነዋለሁ።

ግን ቀለም ከመነካቱ በፊት ናፍጣውን ያውጡና ውስጡን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግመው ያጥቡት። ባዶ ቢመስልም ትነቱ አለና ብልጭታ የሚያወጣ መፋቂያ አያስጠጉ። ከዚያ ከውጭ አሮጌውን ቀለምና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ያንሡ፤ ብረቱ እስኪያበራ፣ ምንም ሳያስቀሩ። አሮጌ ነገር ላይ የተቀባ አዲስ ቀለም አንድ ቀን ይላጣል።

ባለፈው የጠየቅሁዎትን ግን ዘለሉት። ሽማግሌዎቹ መልስ ይፈልጋሉ፤ «ኒካው ላይ አጎትሽ የሚቀመጡት በአባትሽ ወኪልነት ነው ወይስ በአባትሽ ቦታ?» ይሉኛል። አባቴ ካለ እርስዎ ወኪሉ ነዎት። ከሌለ ወሊዬ፣ ዳሪዬ፣ እርስዎ ነዎት። ምን ልበላቸው?

ሌላም አለ። «ይል ነበር አባትሽ» ብለው ጽፈዋል። እኛ ቤት አባቴ «ይላል» ነው፤ «ይወዳል» ነው። ከሄደ ጀምሮ እናቴ «ነበር»ን በደጃችን አሳልፋ አታውቅም፤ እንግዳ እንኳ ሲሳሳት ታርመዋለች። ደብዳቤውን እሷ ስላላየችው ደስ ብሎኛል። እኔም የብዕር ስህተት ነው ብዬ አለፍኩት። ስህተት ነው አይደል?

ልጅዎ ሀናን


ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀኑዬ፣ የአባትሽ አገር ብርድ እንደ አበዳሪ ማለዳ ማለዳ ደጃችን ይቆማል፤ እንዴት አደርሽ?

ቀለሙ ደረሰ። ምትኩን ግን ኬላ ላይ አውለውታል። ካርቶኑ ላይ «የታንክ ቀለም» ብለሽ ስትጽፊ ምን ነካሽ? ፈታሹ አነበበና «ታንኩ የት ነው ያለው?» አለው። ምትኩም የዋህ ነው፤ «ሰቆጣ፣ አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ» ብሎ መለሰ። «ስንት ዓመት ሆነው?» «ቆይቷል፤ ጋዝጊብላ ዶሮ ታቅፎበት ነበር።» የታንክና የዶሮ ነገር እስኪገባቸው ቀኑ መሸ። ዳግመኛ ስትልኪ «ጋን» ብለሽ ጻፊ። ጋን ማለቱም እኔን አላዳነኝም። ጎረቤታችን ወለተ ሰንበት ሰምታ «አብዱሰመድ በስተርጅና ጋን አስገባ፤ ጠላ ሊጠምቅ ነው» እያለች ሰፈሩን ታስቃለች። በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ «ጌሾ ላቀብልህ?» ትለኛለች።

አሁን እንዳትቆጪኝ። አረንጓዴውን ልጬ አንዱን ጎን በአዲሱ ቀለም ሞከርኩት። የማጠንከሪያው ቆርቆሮ ትንሽ ሆኖ ሳየው አሳዘነኝ፤ ለሌላ ቀን ይሁን ብዬ በማንኪያ ጠብ አደረግሁበት። ሰነበተ፣ አልደረቀም። የወለተ ሰንበት ዶሮ ተደግፋው ላባዋን ትታልኝ ሄደች። ይህ ሰልባትዮ ከዶሮ ጋር ያለውን ጉዳይ አልጨረሰም።

ሰዋስው ያረምሽኝን አይቻለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከዘይት ቆርቆሮና ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። የሲሚንቶ ከረጢት ደግሞ ስለ «ነው» እና «ነበር» የሚያስተምረው ነገር የለም። የሽማግሌዎቹንም ነገር መኪናዋ ስትነሣ እንነጋገራለን።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንደ መስታወት ሆኖ ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ፣ ናፍጣ የማይበላው ቀለም ይገኛል? ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ከሰዓት ሱቁ ጭር ሲል ግቢ ገብቼ መኪናዋ ውስጥ እቀመጣለሁ። መሪዋ ላይ የአባትሽ እጅ ያለፋው ቦታ አለ፤ በቀኝ በኩል፣ ከላይ። እጄን እዚያ ሳሳርፍ የእኔ መዳፍ ጠበበኝ። አንቺ ደግሞ ከጎን ወንበሩ ላይ እግርሽ መሬት ሳይነካ ትታዪኛለሽ። አሁን ቁመትሽ ስንት ደረሰ?

አጎትሽ


ኮምቦልቻ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ሰላምታዬ ይቅደም፤ ቁጣዬ ይከተላል።

ማጠንከሪያ አይቆጠብም። ለዓብዱረሕማን ሳነብለት «አጎትሽ ሊጥ ያለ እርሾ አቡክተው እንጀራው ዓይን አላወጣም ይላሉ እንዴ?» አለ። አራት እጅ ቀለም ከሆነ አንድ እጅ ማጠንከሪያ ነው፤ በዚያው በአንዱ ኩባያ ይስፈሩ። የማይደርቀውን በቲነር ጠርገው ያንሡት፤ ላባውንም ለባለቤቷ ይመልሱ። በብርድ ደግሞ ይህ ቀለም አይጠነክርም። ጠዋት አይንኩት፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ብረቱን ካሞቀችው በኋላ ነው። ስስ አድርገው ይደራርቡ። ከጨረሱ በኋላም ሳምንት ሙሉ ናፍጣ ሳይቀምስ ይቆይ።

እንደ መስታወት የሚያሳይ አለ። ነገር ግን የሚይዘው ንጹሕ ብረት ላይ ነው። አሮጌ ቀለም ወይም ዝገት ላይ ከተቀባ ናፍጣው በሥሩ ይገባና ሁለቱንም ይዞ ይወርዳል። አትጠይቂኝ ብለውኛል፤ ከሥሩ ምን እንዲታይ ነው የፈለጉት?

አባቴ «ሰልባትዮው ላይ ስምሽ አለ» ይለኛል። ልጅ ሆኜ ከመኪናዋ ሥር ተንጋልዬ ፈልጌ ጭቃ ብቻ አየሁ። ሲሸነግለኝ ነው ብዬ ተውኩት። የእርስዎ ጥያቄ አስታወሰኝ።

እዚህ ከባድ መኪና ቀኑን ሙሉ ያልፋል። ናፍጣ ሲሸተኝ የምመዝነው ቀለም እጄ ላይ ይቆማል። ዓብዱረሕማን «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «ሰው የመጣ መስሎኝ» እለዋለሁ። ከሰቆጣ ከወጣሁ ጀምሮ የቤታችንን በር በሕልሜ እንኳ ከፍቼው አላውቅም፤ ደጁ ላይ ስደርስ እነቃለሁ።

ሁለት ነገር ደግሞ አልዋጥ ብሎኛል። እርስዎ ሰሃላ ድረስ በእግር ወርደው በባዶ እጅ የሚመለሱ ሰው አይደሉም፤ ቢያንስ የፍየሏን ጢም ተከራክረው ያመጡ ነበር። ሌላው «ክዳኑ አለኝ» ያሉት ነው። አባቴ ሲሄድ የሰልባትዮውን ክዳን ኪሱ ከትቶ፣ «እኔ ሳልመጣ ማንም አይሞላትም» ብሎን ነው የወጣው። እርስዎ ያለዎት የቱ ክዳን ነው?

ልጅዎ ሀናን


ሰቆጣ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀኑዬ፣ ምትኩ ሞተሩን አስነሥቶ ስለሚጠብቀኝ ይህ አጭር ነው። በኩባያ ሰፈርኩ፣ በፀሐይ ቀባሁ። ሦስቱ ጎኖች ጠንክረዋል፤ ናፍጣ ጠብ አድርጌ በጨርቅ ብጠርገው ምንም አልሆኑም። ዶሮዋም መጥታ አሸተተችና ተስፋ ቆርጣ ሄደች።

አራተኛው ጎን ቀርቷል። ብርጭቆ ወረቀት አለቀብኝ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? ይህ ተረት ሰሞኑን ከእኔ ጋር ይውላል። የቆጡን አውርጃለሁ።

ስለ ፍየሉ፣ ጢም አልነበረውም። ስለ ቁመትሽ ግን አልነገርሽኝም።

አጎትሽ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ቁመቴ ከእናቴ በግንባር ይበልጣል። ከአባቴ ትከሻ እደርስ ይሆናል፤ ተለክቼ አላውቅም።

ብርጭቆ ወረቀት ልኬልዎታለሁ፤ ሻካራውንም ልስልሱንም። ካርቶኑ ላይ «ጋን» ብያለሁ። አሁን ሰበብ የለዎትም።

ስለ ክዳኑ አልመለሱልኝም። ረመዳን ሊገባ ነው፤ ከዒድ በኋላ ቀኑ ተቆርጧል። ዓብዱረሕማን አይገፋኝም፤ «መልሱ እስኪመጣ እንጠብቅ፤ ካስፈለገም ቀኑ ይዘዋወር» ይላል። እኔን የጨነቀኝ ቀኑ አይደለም። እውነቱን ቢነግሩኝ እቀመጣለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ እነሣለሁ። ሳላውቅ ግን መዳርም አልቻልኩም፣ መጠበቅም አልቻልኩም። እርስዎ ስቀው የሚያሳልፉት ነገር ብዙ ነው፤ በሳቅዎ ያደግሁ ልጅ ነኝና ሲያስቁኝ መቼ እንደጨነቀዎት አውቃለሁ።

በወኪልነት ነው ወይስ በአባቴ ቦታ? አንድ ቃል ይበቃኛል። የዘገየ ቢሆንም አልቀየምዎትም።

ልጅዎ ሀናን


ሰቆጣ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀናን፣ ዛሬ ሀኑዬ አልልሽም፤ ሰው ሙሉ ስሙን ሲጠሩት ቀና ብሎ ይሰማል። ከቻልሽ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ብርጭቆ ወረቀቱ አላለቀብኝም ነበር። ሰልባትዮው ከመኪናዋ ሆድ ጋር በሚገጥምበት በላይኛው ጎን፣ ከዶሮው ኩስ ሥር ነጭ ጽሑፍ አገኘሁ። ያን ጊዜ ውሃ ስታጠጫት አባትሽ ፈትቶ ፀሐይ ላይ አስጥቶት ነበር፤ እስኪደርቅ ሲጠብቅ የጻፈው ነው። «ውሃ አልጠጣም። ሀናን ትጠጣ።» ይላል። አልሸነገለሽም። ተንጋለሽ ብትፈልጊም የማይታይሽ ፊቱ ወደ ላይ ስለሆነ ነው፤ ሰልባትዮው ካልወረደ ማንም አያነበውም። አንቺ «ምንም ሳያስቀሩ ያንሡ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ጊዜ ቀረብኩ። እጄ እምቢ አለኝ።

ፍየል ልገዛ አልሄድኩም። ሰሃላ ካሤ የሚባሉ አረጋዊ ገበሬ ሰው ልከውብኝ ነው የወረድኩት። በዚያ ዓመት ወባ ያጣደፈው መንገደኛ ደጃቸው ላይ ወድቆ ቤታቸው አስገቡት፤ ያላቸውን እያጠጡ አስታመሙት። «ሙሄዲን ነኝ፣ የሰቆጣ» ከማለት በቀር ብዙ መናገር አልቻለም። ሲያርፍ እስላም መሆኑን አውቀው፣ «በእኔ ሥርዓት ብቀብረው አደራ መብላት ነው» ብለው ከገበያ ሙስሊም ነጋዴዎች ለምነው አምጥተው አጥበው፣ ሰግደውበት፣ ቀበሩት። ካሤ መንገዱ ሲከፈት ሰው ልከው ነበር፤ ያ ሰው ሳይደርስ ቀረ። ወራሽ ቢመጣ ብለው ከኪሱ ያገኙትን በጨርቅ ቋጥረው አኑረውታል። የሰልባትዮው ክዳን ነው። መቃብሩ ላይ ፋቲሃ ቀርቼ ክዳኑን ይዤ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ እናትሽ «ሙሄዲን ቆሎ ይወዳል፤ ቁይልኝ» ብላ ወለተ ሰንበትን ስታዝ አገኘኋት። እንዴት ልንገራት? ክዳኑን ኪሴ ይዤ ዞርኩ። አንቺን ደግሞ በቀለም ጥያቄ ያዝኩሽ። መልስሽ በመጣ ቁጥር አንድ ወር አገኘሁ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ትናንት ዙህር ሰግዳ ወደ ግቢ ወጣች። ሰልባትዮው ፀሐይ ላይ ነው፤ ክዳኑንም ይገጥም እንደሆነ ልሞክር ገጥሜው ልደብቀው ረስቻለሁ። ክዳኑን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጽሑፉን በጣቷ ተከተለችው፤ ከ«ውሃ» እስከ «ትጠጣ»።

«ጽሕፈቱ ጠማማ ነበር» አለች።

ነበር አለች፣ ሀናን። ማንም አላረማትም። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ወለተ ሰንበት በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና አየችን፤ ጌሾ አላነሣችም፤ ዞራ በበሩ ገብታ እሷም ተቀመጠች።

ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ ንገሪያቸው። የምቀመጠው በወንድሜ ቦታ ነው።

ጽሑፉ ያለበትን አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ትቼ የቀረውን እንዳልሽው አድርጌ ዛሬ ቀብቻለሁ። ዓብዱረሕማን ዝገት ከዚያ ይጀምራል ሊል ነው፤ ይጀምር። በየዓመቱ ፈትቼ በዘይት አብሳታለሁ። ምንም ሳይበላሽ ሰልባትዮ የሚያወርድ እብድ ሰቆጣ ውስጥ አለ ቢሉሽ ዘመድሽ መሆኑን አትካጂ። ቀለሙ ሳምንቱን ይጠብቅ፣ ዒዱ ይለፍ፤ ከዚያ እንነሣለን። እናትሽ ከፊት ትቀመጣለች።

ስላዘገየሁብሽ ዓውፍ በይኝ።

አጎትሽ አብዱሰመድ


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ደርሶኛል። ሱቁን ዘግቼ ገባሁ፤ እንዳልኩዎት ተቀመጥኩ፣ አለቀስኩ። ዛሬ ተነሥቻለሁ።

እርስዎ «ክዳኑ አለኝ» ሲሉ ገብቶኝ ነበር። በራስዎ አፍ እስኪነግሩኝ ብዬ ቀለም ሳስተምርዎት ከረምኩ። እኔም በመልስዎ ቁጥር አንድ ወር አገኝ ነበር፤ ስለዚህ ዓውፍ የምንባባለው እኩል ነው። ካሤን ሳላመሰግን አልቀርም፤ ከኒካው በኋላ ሰሃላ ይዘውኝ ይውረዱ።

ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። ዓብዱረሕማን እንዳሉት «ዝገት ከዚያ ይጀምራል» አለ። ቆይቶ ደግሞ ራሱ ሄዶ ለዚያች መዳፍ የሚሆን ዘይት መርጦ አመጣ፤ ለምትኩ ሰጥቼዋለሁ።

ስትመጡ ውሃ ይዤ በር ላይ እቆማለሁ። ለእናቴና ለእርስዎ ነው፤ የተረፈውን እኔ እጠጣለሁ። መኪናዋን አላጠጣትም፤ እሷ ውሃ እንደማትጠጣ አባቴ ይነግረኝ ነበር።

ልጅዎ ሀናን